በቢስክሌት የተሻገርነው ግንብ

ትልቅ ከተማን በአውቶቡስ መስኮት ማየትና በቢስክሌት መዞር እንደሚለያዩ የተረዳሁት በርሊን ላይ ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው ሕንፃዎቹን አይቶ ያልፋል። ቢስክሌት የያዘ ግን ዳገቱን በጉልበቱ፣ ነፋሱን በፊቱ ያውቀዋል፤ ልቡን የነካው ቦታ ላይ ወርዶ ይጠይቃል። ከጎኑ የአገሩ ተወላጅ ካለ ደግሞ ድንጋዩም ታሪክ ይነግረዋል።

ባለቤቴ እዚያ ላሉ ወገኖቻችን እንዲያገለግል በተጋበዘ ጊዜ አብሬው ሄድኩ። አንድ ቀን እረፍት ስናገኝ ከተማዋን በቢስክሌት ከሚያስጎበኙ አንዲት እናት ጋር አገናኙን። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ምሥራቅ በርሊን ያደጉ ሴት ናቸው። እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝና ቢስክሌት አያስፈራኝም። የተሰጠኝ ግን ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚቆም ዓይነት ስለነበር እስክለምደው ድረስ ባለቤቴ ሳቀብኝ።

ጉዟችንን ከብራንደንቡርግ በር ጀመርን። ሴትዮዋ "መሬቱን እያያችሁ ተከተሉኝ" አሉን። አስፋልቱ ላይ ጎን ለጎን የተቀበሩ ሁለት ረድፍ ድንጋዮች አሉ። ግንቡ ቆሞበት የነበረው መስመር ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 1961 ሌሊት የምሥራቅ ወታደሮች የሽቦ አጥር ዘረጉ፤ ግንቡም ተከተለ። ምዕራብ በርሊንን የከበበው አጥርና ግንብ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ቢያንስ 140 ሰዎች በእርሱ ምክንያት ሞተዋል። እኛ ግን ጎማችንን በመስመሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ስናሻግር ማንም አልከለከለንም።

በርናወር ጎዳና ስንደርስ ወረድን። እዚህ ቤቶቹ የምሥራቅ፣ በራቸው ላይ ያለው የእግረኛ መንገድ ግን የምዕራብ ነበር። በሮቹ ሲዘጉ ሰዎች በመስኮት መዝለል ጀመሩ። ኢዳ ዚክማን የተባሉ ሴት የአልጋ ልብሳቸውን አስቀድመው ወርውረው ከፎቅ ዘለሉና ሞቱ። በማግስቱ 59 ዓመት ይሞላቸው ነበር። እኅታቸው የሚኖሩት ከዚያ ጥቂት መንገዶች አልፎ በምዕራብ በኩል ነበር።

በዚያው ጎዳና እ.ኤ.አ. በ1894 የተመረቀ "የዕርቅ ቤተ ክርስቲያን" የሚባል ሕንፃ ነበር። አብዛኞቹ ምእመናን በምዕራብ፣ ሕንፃው በምሥራቅ ቀረ። ደወል ይደወልበት የነበረው ግንብ ወታደሮች ሰው የሚጠብቁበት ማማ ሆነ። በ1985 መንግሥት በፈንጂ አፈረሰው። ዛሬ በቦታው በ2000 የተመረቀ ትንሽ ጸሎት ቤት ቆሟል። ግድግዳው እንደ እኛ አገር ቤት አፈር ነው፤ የፈረሰው ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽም ተፈጭቶ ተቀላቅሎበታል። ዙሪያውን፣ ሰው ይገደልበት በነበረው መሬት ላይ፣ እነርሱ ሮገን የሚሉት የዳቦ እህል ይዘራል። እኛ ስንደርስ ገና ለምለም ነበር። ከምርቱም ለጌታ እራት የሚሆን ኅብስት ይጋገራል።

እዚያ አጠገብ ተቀምጠን ሴትዮዋ የራሳቸውን ነገሩን። አያታቸው ምዕራብ ሲሞቱ እናታቸው ለቀብር እንኳ መሻገር አልተፈቀደላቸውም። አጎታቸው ግን ግንቡ ሳይሠራ ሸሽተው ስለነበር እናታቸውን ቀበሩ። "ግንቡ በ1989 በአንድ ሌሊት ተከፈተ" አሉን። "እናቴና ወንድሟ ግን በአንድ ማዕድ ለመቀመጥ ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። እርሷ 'ጥለኸን ሄድክ' ትላለች፤ እርሱ 'ብቻዬን አስታመምኩ፣ ብቻዬን ቀበርኩ' ይላል። ሁለቱም እውነት ነበራቸው።" ባለቤቴ "ማን ቀደመ?" ብሎ ጠየቃቸው። "እናቴ ደወለች። 'ስለ መቃብሩ ንገረኝ' ብቻ ነው ያለችው።"

ከዚያ ተነሥተን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1989 በመጀመሪያ ወደተከፈተው ወደ ቦርንሆልመር ድልድይ ሄድን። አጠገቡ ከጃፓን ሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ የተተከሉ የቼሪ ዛፎች አብበው ነበር። እኔ ግን ልቤ ያቺ ስልክ ላይ ቀርቶ ነበር። በአገልግሎታችን ብዙ ቤተሰብ አይተናል፤ በውርስ የተኳረፉ ወንድማማቾች፣ አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው በልጅ አማካይነት የሚነጋገሩ ባልና ሚስት። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በክርስቶስ ስለፈረሰው ግድግዳ ሲጽፍ የሚያውቀው እንዲህ ያለውን ልብ ነው።

የበርሊን ሰዎች መስመሩን ከመንገዱ ላይ አላጠፉትም። ድንጋዮቹ አሉ፤ የሞቱትም ይታሰባሉ፤ ልጆች ግን በላዩ በቢስክሌት ያልፋሉ። ይቅርታም እንዲሁ ይመስለኛል። የተጎዳ ሰው ጉዳቱን እንዲረሳ አይገደድም፤ መንገዱን ግን መክፈት ይችላል። ወገኖቼ፣ በእናንተስ ቤት የመጀመሪያውን ስልክ የሚጠብቅ ማን ነው? ምናልባት "ስለ መቃብሩ ንገረኝ" እንደማለት ያለ አንድ አጭር ቃል ይበቃ ይሆናል።