ፎቶው ሲያድግ ፊቷ ጠፋ

እኔ የምለው ወገኖቼ፣ ፎቶ ማሳደግ ማለት መጎተት ብቻ ይመስላችኋል እንዴ? ሊጥ ሳይጨመር ምጣዱ ቢሰፋ እንጀራው ይሳሳል፣ ይበጣጠሳል እንጂ አይበረክትም። ፎቶም እንደዚያው ነው። በስልክ ስታዩት መስታወት የመሰለው፣ ባነር ላይ ሲወጣ የተበተነ ጠጠር ይሆናል።

ነገሩን ያነሳሁት ሐራ በምትኖር አንዲት ወዳጄ ምክንያት ነው። የእናቷ ሙት ዓመት ደረሰ። በእጇ ያለው ግን እናትየው በሰው ሠርግ ላይ፣ ከሰው መሃል ተቀምጠው የተነሱት ፎቶ ብቻ ነው። እሱም በቴሌግራም የተላከላት። ወልድያ ወስዳ ፊታቸው ብቻ ተቆርጦ በትልቁ እንዲታተም አዘዘች። ባነሩ ሲዘረጋ አክስቷ "ልጄ፣ ይቺ ደግሞ ማን ናት?" አሏት። ከዚህ የበለጠ ምን ያማል!

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ዲጂታል ፎቶ ፒክስል የሚባሉ የጥቃቅን ነጥቦች ክምር ነው። ቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከውን አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ነጥብ ያሳንሰዋል። ከዚያ ውስጥ ፊቱ 150 ነጥብ ቢደርሰው፣ በ60 ሴንቲ ሜትር ሲዘረጋ አንዷ ነጥብ 4 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ዓይን ነጥቦቹን አዋህዶ የሚያያቸው ከ13 ሜትር ገደማ ርቆ ነው። ታዲያ ለለቅሶ መጥቶ 13 ሜትር ርቆ የሚቆም ማን ነው?

"በኤአይ አጠራዋለሁ" የሚልም አይጠፋም። ይጠራል፣ ምን ገዶት! ግን ያልነበረውን ከየት ያመጣል? ከሌላ ሰው ፊት የተማረውን ገምቶ ይሞላል። ቅንድቡ ያምራል፣ ቆዳው ይለሰልሳል፤ እናትየው ግን እዚያ የሉም።

መላው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ፎቶውን ያነሳውን ሰው ፈልጉና ዋናውን "በፋይል ላክልኝ" በሉት። ባለ 12 ሜጋ ፒክስል ስልክ 4000 በ3000 ነጥብ ይሰጣል፤ ያው ፊት ከ460 ነጥብ በላይ ይኖረዋል። ሁለተኛ፣ የአልበም ፎቶ ካለ በስልክ አታንሱት፤ በ600 ስካን ይደረግ። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነው ወደ 2360 በ3540 ነጥብ ይወጣዋል። ሦስተኛ፣ ሁለቱም ከሌሉ ባነሩ ይስፋ፣ ፎቶው ይነስ። ወዳጄም በመጨረሻ ያደረገችው ይኸንኑ ነው፤ ፊታቸውን 15 ሴንቲ ሜትር አድርጋ አሳተመችው። አነሰ፣ ግን እሳቸው ናቸው። አራተኛ፣ ሙሉውን ከመክፈላችሁ በፊት ፊቱን ብቻ በልኩ ቆርጠው እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ።

እናታችሁ በሕይወት ያሉላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ በር ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ቀረብ ብላችሁ አንሷቸው። ዋናውንም ሁለት ቦታ አስቀምጡት። "አርጅቻለሁ፣ ተወኝ" ቢሏችሁም አትስሟቸው!