ጋንዳም ከየት ይጀመራል?

ከተማሪዎቼም ሆነ ከሥራ ባልደረቦቼ ዘወትር የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ጋንዳም የሚባለውን የጃፓን አኒሜ ለማየት አስበን ነበር፤ ነገር ግን ብዛቱ አስፈራን፤ ከየትኛው እንጀምር?» የሚል ነው። ጥያቄው የሥራ ፈት ጥያቄ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ በበኩሌ እንደዚያ አይመስለኝም። የታሪክ አስተማሪ እንደ መሆኔ አንድን ነገር ከየት ጀምሬ መንገር እንደሚገባኝ መወሰን የዘወትር ሥራዬ ነው፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ስቆም የሚገጥመኝም ይኸው ችግር ነው።

ስለ ጋንዳም ሰምቶ ለማያውቅ አንባቢ አስቀድሜ ጥቂት ልናገር። የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። የመጀመሪያው ጋንዳም በ1979 በኤፕሪል ወር በናጎያ የቴሌቪዥን ጣቢያ አማካይነት መታየት ጀመረ። ዲሬክተሩ ቶሚኖ ዮሺዩኪ ይባላል። ወጪውን የሸፈነው የአሻንጉሊት ፋብሪካ ስለ ነበረ፥ የፋብሪካው ምኞት ሕፃናት ሮቦቱን በቴሌቪዥን አይተው አባታቸውን «ግዛልኝ» እንዲሉ ነበር። ቶሚኖ ግን ያቀረበላቸው ሰው የሚሞትበት፥ ምግብና ጥይት የሚያልቅበት፥ ወታደሩ የሚያለቅስበት ጦርነት ነው። ተመልካቹ አነሰ፤ አሻንጉሊቱም እንደ ታሰበው አልተሸጠም። ስለዚህ 52 ክፍል እንዲሆን የታቀደው ድርሰት በ43 ተቆርጦ በ1980 መጀመሪያ ላይ አለቀ። ተቀብሮ የቀረ ሲመስል ግን ድጋሚ ሲታይ ከፍ ያሉ ተማሪዎች ወደዱት፤ ባንዳይ የተባለው ኩባንያ እየተገጣጠመ የሚሠራ የፕላስቲክ ሞዴል አወጣለትና ገበያው ተሻማበት፤ በ1981 እና በ1982 ደግሞ ክፍሎቹ ተጠቃለው ሦስት የሲኒማ ፊልሞች ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ተከታዩ፥ የተከታዩም ተከታይ እየተሠራ ይኸው እስከ ዛሬ አላቆመም።

ታሪኩ የሚፈጸመው ወደ ፊት በሚመጣ ዘመን ነው። የሰው ልጅ በምድር ላይ ስለ በዛ አብዛኛው በሕዋ ውስጥ በሚሽከረከሩ ግዙፍ በርሜል መሰል ከተሞች ይኖራል። ይህ አሳብ ከአሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ከጄራርድ ኦኒል የተወሰደ ነው። ዓመቱም ሰዎች ወደ ሕዋ መፍለስ ከጀመሩበት አንሥቶ «ዩኒቨርሳል ሴንቸሪ» እየተባለ ይቈጠራል፤ ሁለት ዘመን አቆጣጠር ይዘን ለምንኖረው ለእኛ ሦስተኛ ቢጨመር ብዙ አያስቸግረንም። በዚህ አቆጣጠር በ0079 ዚዮን የተባለው የሕዋ መንግሥት በምድር ፌዴሬሽን ላይ ጦርነት ያውጃል፤ በአንድ ወር ያህል ጊዜ ውስጥም የሰው ዘር እኩሌታው ያልቃል። አሙሮ የሚባል የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከተማው ሲወረር ሳያስበው ጋንዳም በሚባለው የጦር መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ይዋጋል። ከፊቱ የሚቆመው ጭምብል ያጠለቀ፥ ቀይ የለበሰ፥ ሻር የሚባል የዚዮን መኰንን ነው።

እንግዲህ ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፊልሞቹ የተሠሩበት ቅደም ተከተልና በውስጣቸው የሚቈጠረው ዓመት አይገጣጠሙም። ከ2015 እስከ 2018 የወጣው «ዘ ኦሪጅን» የሻርን የልጅነት ዘመን ስለሚተርክ ከሁሉ በፊት ወደ 0068 ይመለሳል። በ1989 የተሠራው «ዋር ኢን ዘ ፖኬት» የመጀመሪያው ጦርነት ሳይፈጸም ባሉት የመጨረሻ ሳምንታት ውስጥ ይገባል። በ1991 መውጣት የጀመረው «ስታርደስት ሜሞሪ» በ0083 ነው፤ ከእርሱ አስቀድሞ በ1985 የተሠራው «ዜታ ጋንዳም» ግን በ0087 ነው። እንግዲህ ተመልካቹ በየትኛው ዓመት ይመራ? በፊልሙ ውስጥ ባለው ወይስ ፊልሙ በተሠራበት?

በትምህርት ቤታችን የፊዚክስ አስተማሪ የሆነ ወዳጄ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነው። በጣም ሥርዓት የሚወድ ሰው ስለ ሆነ ፍላሹ ውስጥ ያሉትን ፎልደሮች ሁሉ 0068፥ 0079፥ 0080፥ 0083 እያለ በተራ ደርድሯቸዋል። በሻይ ሰዓት ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር «ጊዜ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም፤ አንተ የታሪክ አስተማሪ ሆነህ ይህን እንዴት ትክዳለህ?» ይለኛል። ክርክሩ ፍሬ የለውም ማለት አይቻልም። የልጁን ልደት ሳያዩ ሽምግልናውን ማየት ግራ ያጋባል፤ ደግሞም የ«ዘ ኦሪጅን» ሥዕል አዲስና ያማረ ሲሆን የ1979ኙ ግን ቀለሙ የደበዘዘ፥ እንቅስቃሴው የተቆራረጠ ነው። ዳሩ ግን ይህን ፍላሽ የተዋሰው የአክስቱ ልጅ «ዘ ኦሪጅን»ን በሁለት ሌሊት ጨርሶ ወደ 0079 በተሻገረ ጊዜ ያ አሮጌ ሥዕል ገጠመው፤ ከዚህም በላይ ጭምብሉን የለበሰው ሰው ማን እንደ ሆነ፥ ማንን ለመበቀል እንደ መጣ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። በአራተኛው ክፍል ተወው። ወዳጄ «ትዕግሥት የለውም» ይላል። እኔ ግን ልጁን አልፈርድበትም፤ የሚጠብቀው ነገር አልቀረለትምና።

ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ወርቁ አስቀድሞ ከተነገረ ሰሙ ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል፤ ሰሙን ሰምቶ ጥቂት የተጨነቀ ግን ወርቁ ሲወጣለት ይደሰታል። «ዘ ኦሪጅን»ን በመጽሐፍ የደረሰው ያሱሂኮ ዮሺካዙ የ1979ኙን ጋንዳም ሰዎች በሥዕል የፈጠረው ራሱ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሶ የጻፈው ታሪኩን ለሚያውቁ ሰዎች ነው፤ ትንሹ ልጅ አንድ ነገር ሲያደርግ እኛ አድጎ የሚሆነውን እያስታወስን እንድናዝን አስቦ ነው። የሚያስታውሰው የሌለው ተመልካች ግን ከቤተ መንግሥት ሴራ በቀር አያይም።

ይህ ሁሉ እውነት ቢሆንም እኔን የበለጠ የሚያከራክረኝ ሌላ ምክንያት ነው፤ እርሱም የጠላት ጉዳይ ነው።

በ1979ኙ ጋንዳም የዚዮን ወታደር በመጀመሪያ ፊት የለውም። የምናየው ዛኩ የሚባለውን አንድ ዓይና መሣሪያ ነው፤ ዓይኑ ግራና ቀኝ እያለ በቀይ ይበራል፤ ሲመታ ይፈነዳል፤ እኛም ደስ ይለናል። ቶሚኖ ቀስ እያለ ነው ከዚያ ብረት ውስጥ ሰው የሚያወጣው። አንዱ እጮኛ አለችው፤ አንዱ ለፌዴሬሽኑ ስደተኛ እናትና ልጅ ስንቅ ይጥልላቸዋል። ደስ ብሎን ያጨበጨብንበት ነገር እየቆየ ይከብደናል። ከ0068 የጀመረ ሰው ግን ዚዮንን የሚያውቀው ከነቤተሰቡ ከነሐዘኑ ስለ ሆነ ያን የመጀመሪያውን ጥላቻ ሳይቀምሰው ያልፋል። ጠልቶ የማያውቅ ደግሞ ጥላቻው ሲፈርስ አይሰማውም።

ይህን በመጽሐፍ አንብቤ ያወቅሁት አይደለም። በትምህርት ቤታችን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰብ የፊልም ክበብ አለ፤ ኀላፊነቱ በእኔ ላይ ስለ ወደቀ ምን እንደምናይና በምን ተራ እንደምናይ የምወስነው እኔ ነኝ። ልጆቹ የዐሥራ ስድስትና የዐሥራ ሰባት ዓመት ናቸው፤ ከአሙሮ ጋር እኩያ ማለት ነው። ከእነርሱም መካከል ከ2020 እስከ 2022 በአገራችን ሰሜን በተደረገው ጦርነት ምክንያት ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ፥ ወንድማቸው ሄዶ ያልተመለሰላቸው አሉ። ለእነዚህ ልጆች ጦርነትን እንደ ጨዋታ አድርጎ የሚያሳይ ነገር ማቅረብ አልፈለግሁም፤ ሐዘን ብቻ የሆነ ነገርም ቢሆን በቅዳሜ ቀን ማንም አይመጣልኝም። አርባ ሦስቱን ክፍል ሁሉ ለማሳየት ዐሥራ ሰባት ሰዓት ስለሚፈጅ ሦስቱን የ1981 እና የ1982 ፊልሞች መረጥሁ፤ ሰባት ሰዓት ያህል ናቸው፤ እያንዳንዱን ለሁለት ከፍዬ በስድስት ቅዳሜ ተጨረሱ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሳቅ ነበር። «ቲቸር፥ ይህ የአያቶቻችን ካርቱን ነው?» አሉኝ። ዛኩ ሲፈነዳ ግን አጨበጨቡ። በሁለተኛው ቅዳሜ አሙሮ ወደ ምድር ወርዶ ከስንት ጊዜ በኋላ እናቱን የሚያገኝበት ክፍል ደረሰ። እናቲቱ በስደተኞች መጠለያ ውስጥ በሽተኛ ታስታምማለች። የዚዮን ወታደሮች ፍተሻ ሲመጡ ልጇን አልጋ ላይ አስተኝታ ትሸፍነዋለች፤ ወታደሩ ብርድ ልብሱን ሊገልጥ ሲል አሙሮ ከውስጥ ሆኖ በሽጉጥ ይመታዋል። እናቱ ልጄ ተረፈልኝ ብላ አታቅፈውም። ያ ሰው እኮ ልጆች ይኖሩት ይሆናል፤ አንተ እንዲህ ያለህ ልጅ አልነበርህም ብላ ትወቅሰዋለች። እርሱም ጦርነት መሆኑን ሊያስረዳት ይሞክራል፤ በመጨረሻም እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጥቷት ወደ መርከቡ ይመለሳል።

በክፍሉ ውስጥ የሳቀ አልነበረም። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ወንበር ሲያነሡ ከኋላ የሚቀመጥ፥ በክፍልም ውስጥ ብዙ የማይናገር አንድ ልጅ ወደ እኔ ቀረበና «ቲቸር፥ እሷም ልክ ናት፤ እሱም ልክ ነው። ታዲያ ወደ ቤት እንዴት ይመለሳል?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ፤ ቀጥለን እንይ አልሁት። እንግዲህ እነዚያ ልጆች ያጨበጨቡለት ዛኩና ብርድ ልብሱን ሊገልጥ የመጣው ወታደር የአንድ ወገን መሆናቸውን ያገናዘቡት ራሳቸው ናቸው፤ እኔ አልነገርኋቸውም። ከ«ዘ ኦሪጅን» ጀምሬ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቅዳሜ ማን ያጨበጭብ ነበር?

ስለዚህ የእኔ ምክር በተሠሩበት ዓመት ተራ ማየት ነው። ከሦስቱ ፊልሞች ቀጥሎ «ዜታ ጋንዳም» ይመጣል። በ«ዜታ» ጥቁር መነጽር ያደረገ አንድ ሰው በሌላ ስም ብቅ ይላል፤ ከ1979 ጀምሮ የተከታተለ ድምፁን እንደ ሰማ ማን እንደ ሆነ ያውቀዋል፤ ያልተከታተለ ምን ያደርጋል? ከ2005 ጀምሮ የወጡት የ«ዜታ» ሦስት ማጠቃለያ ፊልሞች ግን መጨረሻውን ለውጠውታልና በእነርሱ ባይጀመር እወዳለሁ። «ዳብል ዜታ» በ1986 ወዲያው ተከታትሎ የመጣ ነው፤ እኩሌታው ቀልድ ስለ ሆነ ጊዜ ያጠረው የመንግሥት ሠራተኛ ቢዘለው አልከሰውም። የ1988ቱ «ቻርስ ካውንተርአታክ» የአሙሮንና የሻርን ጠብ የሚፈጽም የሲኒማ ፊልም ስለ ሆነ አይዘለልም።

«ዋር ኢን ዘ ፖኬት» ስድስት ክፍል ብቻ ነው፤ ቶሚኖ ዲሬክተር ያልሆነበት የመጀመሪያው ጋንዳምም ነው። የወታደር ጨዋታ የሚወድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ጦርነት ወደ ከተማው ሲመጣ ደስ ይለዋል፤ የቀረውን አልናገርም። በውስጡ ያለውን ዓመት ተከትሎ ከመጀመሪያው ታሪክ ጋር የሚቀላቅለው አለ። እኔ ግን በተራው፥ በ1989 ቦታው ቢታይ ይሻላል ባይ ነኝ፤ በዚያን ጊዜ የሕፃኑን ደስታ የሚያይ ተመልካች ብዙ ቀብር ያየ ይሆናልና። «ዩኒኮርን» ከዚያ በኋላ፥ «ዘ ኦሪጅን» ደግሞ ከ«ዩኒኮርን» በኋላ ይምጣ።

በሌላ ዓለም የሚፈጸሙትን፥ ማለት የ1995ቱን «ዊንግ»፥ የ2002ቱን «ሲድ»፥ የ2022ቱን «ዊች ፍሮም መርኩሪ» ማንም ሰው በፈለገው ጊዜ ብቻቸውን ሊያያቸው ይችላል፤ በአሜሪካ ብዙ ልጆች ጋንዳምን ያወቁት በ2000 በታየላቸው በ«ዊንግ» ነው። በ2025 የወጣው «ጂኩዋክስ» ግን እንደ አዲስ ቢመስልም የመጀመሪያው ጦርነት ሌላ ዓይነት ቢያልቅ ኖሮ እያለ የሚጫወት ስለ ሆነ፥ የፊተኛውን ላላወቀ ሰው ጨዋታው አይገባውም። የፊዚክሱ ወዳጄም ይህን በየትኛው ፎልደር እንደሚያስቀምጠው እስካሁን አልወሰነም።

ክበባችን በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት «ዜታ»ን ይጀምራል። አምሳ ክፍል ነው፤ በየቅዳሜው ሁለት ሁለት ብናይ፥ መብራትም ባይጠፋ፥ እስከ ሰኔ ፈተና ድረስ ሠላሳውን ብናልፍ ነው። ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ የቀረውን በክረምት ቤቱ ወስዶ ለማየት ከአሁኑ ፍላሽ ጠይቆኛል፤ በተራ ቁጥር እንድጽፍለትም አሳስቦኛል።