የጉና ጉምና የእድር ድንኳን

ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ የጉናን ጎን ይዞ ወደ ላይ ጋይንት ይዘልቃል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚነሱበት ተራራ ነው። በነሐሴ ግን መልኩን ማየት ዘበት ነው፤ ጉሙ ወርዶ መንገድ ዳር ያለውን ገብስ ሳይቀር ይሸፍነዋል።

ንፋስ መውጫ ስደርስ ዝናቡ ለአፍታ አባርቶ ነበር። የአንድ እድር አባላት ያቺ ፀሐይ ሳታመልጣቸው ድንኳናቸውን በባሕር ዛፍ አጥር ላይ ዘርግተዋል። ነጩ ሸራ ከሩቅ ሲያዩት ደህና ነው። ጠጋ ሲሉ በስፌቱ መስመር ጥቁር ነጠብጣብ ተረጭቶበታል፤ እጥፋቱ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ተጋግሯል። እቃ ቤቱን የሚጠብቁት ሽማግሌ ጠርዙን በሁለት እጃቸው ሳብ ቢያደርጉት ተተረተረ።

«አባቴ፣ ዝናቡ ነው እንዲህ ያደረገው?»

«ዝናብማ ምን ያደርገዋል ልጄ! ጥድፊያው ነው እንጂ። ለቅሶ በለቅሶ ላይ ሲደራረብ ከአንዱ ደጅ ነቅለን ሳይደርቅ እንጠቀልለዋለን።»

እውነታቸውን ነው። ሻጋታ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ እርጥበት፣ የታፈነ አየርና የሚበላው ካገኘ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይስፋፋል። የጥጥ ሸራ ራሱ ምግቡ ነው፤ ክሩን እየበላ ያሳሳዋል። ፕላስቲክ የተቀባውን ሸራ እንደ ጥጡ አይበላውም፤ ነገር ግን በላዩ የቀረው አቧራ፣ የወጥ ፍንጣሪና ጥላሸት ይበቃዋል።

በድንኳን ያድር የነበረው የጥንቱ ሠራዊት ይህን መከራ በወቅት ምርጫ ይቀንሰው ነበር። ነገሥታቱ ክረምቱን በአንድ ቦታ ከርመው ለዘመቻ የሚወጡት በአብዛኛው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስም ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ የተጓዙት በ1860 ዓ.ም. በጋ ነበር። ሞት ግን በጋ አይጠብቅም፤ የእድር ድንኳን ክረምት ከበጋ ይሠራል።

አጣጠቡን በተመለከተ መጀመሪያ ሸራውን ማድረቅ ይገባል። ከዚያ ከቤት ውጭ፣ አፍንጫን በነጠላ ሸፍኖ ደረቁን ሻጋታ ማራገፍ ነው፤ ብናኙ ደረት ይጎዳል። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል፤ ጠንካራ ብሩሽ ውሃ የሚከለክለውን ቅብ ይፍቀዋል። እድፉ እንቢ ካለ አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅሎ ጥቂት አቆይቶ ማለቅለቅ ይረዳል። ብዙ ሰው የሚቸኩለው ወደ በረኪና ነው። በረኪና ያነጣል፤ ግን የጥጥ ክርን ያደክማል። በረኪናና አቼቶ ደግሞ ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም፤ ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

አርብ ገበያ ላይ ያነጋገርኳቸው እናቶች እንዶድ ይመርጣሉ። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች በዚሁ አረፋ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተዋል። ዓሣም ይገድላልና እጣቢው ወንዝ ውስጥ አይደፋ።

ወደ ስማዳ፣ በተለይ ወደ በሽሎ ሸለቆ እየወረዱ ሲሄዱ የሻጋታው ችግር እየቀለለ ይመጣል፤ ቆላው ሸራን ቶሎ ያደርቃል። እስቴ ላይ፣ በጉና ግርጌ ባለው ደጋ፣ ያው ጉም ይመለሳል።

አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍ። የነጣ ድንኳን ሁሉ የዳነ፣ እድፍ የቀረበትም ሁሉ ያልዳነ አይደለም፤ እድፉ ሻጋታው ከሞተ በኋላም ሊቀር፣ ክሩም ነጥቶ ሳለ ሊበሰብስ ይችላል። ስለዚህ የደጋ እድሮች ለሳሙና ከሚያወጡት ገንዘብ ቀንሳችሁ ከእቃ ቤታችሁ ጎን፣ ነፋስ የሚያሳልፍ በቆርቆሮ የተከደነ መስቀያ ሥሩ። ጊዜ አጥሮ እርጥቡን ለመጠቅለል ብትገደዱም በማግሥቱ ፈታችሁ ስቀሉት።