በክረምት ከዳንግላ እስከ እንጅባራ

በአዊ አገር ዝናብ እንግዳ አይደለም። ግንቦት ሲገባ ይጀምራል፤ በሰኔና በሐምሌ ይበረታል፤ አንዳንድ ዓመትም መስከረምን አልፎ ይሄዳል። በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ በአንድ ዓመት የሚወርደው ውሃ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ ይህም ማለት ሳይሰርግና ሳይፈስስ በወረደበት ቢቆይ አንድን ሙሉ ሰው እስከ ትከሻው ያጠልቀዋል ማለት ነው። አገሩ ለምለም፣ ቀርቀሃው የበዛ፣ ከብቱም የሰባ መሆኑ ከዚሁ የተነሣ ነው። ነገር ግን ይኸው በረከት መንገደኛውን ይፈትነዋል።

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው የአስፋልት መንገድ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ዳንግላን አንድ በአንድ እየነካ ያልፋል። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ያለው ርቀት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ስትሆን እንጅባራ ከ2,500 ሜትር ትበልጣለች፤ ስለዚህ ከዳንግላ የተነሣ ሰው ቀስ በቀስ ወደ ብርድና ወደ ጉም ይወጣል። ከአስፋልቱ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚገነጠሉት የገጠር መንገዶች ቀይ አፈር ናቸው፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት እንደ ቅቤ የሚያንሸራትት ጭቃ ይሆናሉ።

አስፋልቱ ከመዘርጋቱ በፊት በዚህ አገር የሚጓዝ ሰው በበቅሎ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ የተቀመጠው ሜጀር ቺስማን የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ ያየው በበቅሎ እየተጓዘ ነው፤ ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አሳትሞታል። በቅሎ በጭቃ ስትሄድ መርገጫዋን ራስዋ ትመርጣለች፤ የተቀመጠባት ሰው ቢያንቀላፋ እንኳ እርስዋ አታንቀላፋም። የፈረሱ ወዳጅነት ደግሞ ከበቅሎው የበለጠ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። በኋላ ዘመን ግን ወደየቀበሌው ለሚወጣ የመንግሥት ሠራተኛ የፈረሱን ቦታ ሞተር ብስክሌት ወሰደው። ሕዝቡ ከድምፁ ተነሥቶ ዶቅዶቄ ብሎታል። ዶቅዶቄ እንደ በቅሎ ያለ ዕውቀት ከፋብሪካ ይዞ አልመጣም፤ መርገጫውን የሚመርጥለት ነጂው ብቻ ነው።

የእኅቴ ልጅ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። ሥራዋ በዳንግላ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች እየተዘዋወሩ ከብት መከተብና ማከም ስለ ሆነ ለዚሁ የሚያገለግል ሞተር ተሰጥቷት ነበር። በ2010 ዓ.ም. በግንቦት ወር አጋማሽ ከእንጅባራ ስትመለስ አዲስ ቅዳም አጠገብ ወደቀች። ከብዙ የፀሓይ ቀን በኋላ የመጀመሪያው ካፊያ ጀምሮ ነበር። ከፊቷ ይሄድ የነበረው የፈረስ ጋሪ በድንገት ሲቆም ፍሬን ያዘች፤ የፊተኛው ጎማ ወደ ጎን ሸሸና እርስዋ በቀኝ እጇ ላይ ተደፋች። የእጇ አንጓ ተሰነጠቀ፤ የራስ ቁሯም በጎኑ ተፋቀ፤ ራስዋ ግን ተረፈ።

አንባቢ ሆይ፤ ብዙ ሰው የሚፈራው የሐምሌን ዶፍ ነው። የሚጥለው ግን ብዙ ጊዜ የግንቦት ካፊያ ነው። አስፋልት በበጋው ወራት ከመኪና የሚንጠባጠብ ዘይትና ናፍጣ፣ የጎማ ብናኝና አቧራ ሲከማችበት ይከርማል። የመጀመሪያው ካፊያ ይህን ሁሉ አያጥበውም፤ አርጥቦ እንደ ተልባ ያሙለጨልጨዋል እንጂ። ብርቱ ዝናብ ጥቂት ከቆየ በኋላ ግን መንገዱ ታጥቦ ይሻላል። እኔ በምሠራበት መዝገብ ቤት የአደጋ ነገር የሚነገርባቸውን ጽሑፎች ስገለብጥ «ጥቂት ያካፋ ነበር» የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አግኝቻታለሁ።

ሐምሌ ሲገባ እጇ ድኖ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በደረቅ ቀን እንደ ቀድሞው ትነዳ ነበር። ሰማዩ የጠቆረ እንደ ሆነ ግን ገና ሳይዘንብ ከሞተሩ ወርዳ ትገፋው ጀመር። አንድ ቀን ምጥ ለጠናባት ላም ተጠርታ ሳለ ዝናቡ እስኪያባራ ከዛፍ ሥር ቆማ ዘገየች፤ ስትደርስ ጥጃው ሞቶ ነበር፤ ላሚቱም የተረፈችው በጭንቅ ነው። ያን ማታ እራት ሳትበላ ተኛች።

እናቷ በማግሥቱ ወደ እኔ መጥታ፣ «ወንድም ዓለም፣ ሞተሩን ትመልስላቸው ብለህ ንገርልኝ። አንተን ትሰማሃለች» አለችኝ። ልጅቱም ከበሩ ላይ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ «እማዬ፣ ሞተሩን መመለስ እኮ ሥራውን መመለስ ነው» አለች። ሁለቱም እውነት ተናገሩ፤ እኔም በየትኛዋ ላይ እንደምፈርድ ጨነቀኝ። ጎረቤቱ ሁሉ «አይዞሽ» ይላታል። አይዞሽ መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን ለጎማ ጥርስ አያበቅልለትም።

በዳንግላ የሚኖር አንድ የሞተር ጠጋኝ አለ፤ ዕድሜው ስድሳን ያለፈና ቃሉ ጥቂት የሆነ ሰው ነው። ወደ እርሱ ወሰድኋት። እርሱ ግን አስቀድሞ ያየው ልጅቱን አልነበረም፤ ሞተሩን ነው። መሪው ከውድቀቱ ወዲህ በጥቂቱ ወደ ግራ ተጣምሞ ነበር፤ የፊተኛው ጎማ መካከሉ ልሙጥ ሆኗል፤ የኋላው የፍሬን ሸራም አልቋል። «ይህን ይዛ ብትፈራ ልክ ናት» አለ። መሪውን አቀና፤ ጎማውንና ሸራውን ለወጠ። የተፋቀውንም የራስ ቁር ዳግመኛ እንዳታደርገው ከለከላት። ምክንያቱን ሲነግረን፣ በቁሩ ውስጥ ያለው ስፖንጅ የሚመስለው ነገር ራስን የሚያድነው ራሱ እየተጨፈለቀ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀም ምንም እንኳ ከውጭ ደኅና ቢመስል ሁለተኛ አያገለግልም አለን።

ስለ ራስ ቁር ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ሎሬንስ የተባለው ስመ ጥሩ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1935 ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ከሐኪሞቹ አንዱ የነበረው ሂዩ ኬይርንስ ነገሩን ከልቡ አላወጣውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሞተር መልእክት የሚያደርሱትን ወታደሮች የራስ ጉዳት መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1941 አሳተመ፤ በዚያው ዓመትም የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞች የራስ ቁር እንዲያደርጉ ታዘዘ። ዛሬ የራስ ቁር በየአገሩ የሕግ ነገር የሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። ጠጋኙ በሜዳ ላይ ጥቂት ሲያያት በሽታዋን ወዲያው አወቀው። ክንዶችዋ እንደ እንጨት ደርቀው ነበር። የሞተር ብስክሌት የፊተኛው ጎማ በነፃ ሲተው ሞተሩ ወደ ዘመመበት ጎን ራሱ እየዞረ ሚዛኑን ይጠብቃል። ነጂው በፍርሃት መሪውን አጥብቆ ሲይዝ ግን ይህን ይከለክለዋል፤ ጎማው ጥቂት ሲሸሽ ተመልሶ የሚቀናበትን መንገድ ይዘጋበታል። ስለዚህ የወደቀ ሰው ዳግመኛ እንዳይወድቅ ብሎ የሚያደርገው ነገር ዳግመኛ ይጥለዋል። ደግሞም የፈራ ሰው ዓይኑን ከሚፈራው ጉድጓድ አያነሣም፤ ሞተርም ዓይን ወዳየበት ይሄዳል። መድኃኒቱ ታንኩን በጉልበት ጠበቅ አድርጎ እጅን ማላላት፣ ዓይንንም ለመሄድ በሚወዱበት መንገድ ላይ ማሳረፍ ነው። ይህን መናገር ቀላል ነው፤ እጅ እስኪለምደው ግን ሁለት ሳምንት ፈጀ።

ልምምዱ የሆነው ከከተማው ዳር መኪና በማይበዛበት ቦታ ነው። መጀመሪያ በደረቅ፣ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት እየነዳች መቆምን ተማረች። ቀጥሎ ጠጋኙ በጄሪካን ውሃ አምጥቶ መሬቱን አረጠበው፤ እርስዋም በዚያው ፍጥነት በርጥቡ ላይ ቆመች። የቆመችበትን ስፍራ በእርምጃ እየለካ በድንጋይ ምልክት ያደርግ ነበር። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ይበልጥ የሚያቆመው የፊተኛው ፍሬን ነው፤ እርስዋ ግን የጣላት እርሱ ስለ ሆነ ልትነካው አልወደደችም። ጠጋኙም የእርስዋን ሥራ አስታውሶ፣ «ልጄ፣ ላም ስታልቢ ጡቷን ትነጥቂያለሽን? ጣቶችሽን ቀስ በቀስ ሰብስቢያቸው» አላት። ሳቀች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋዮቹ እየተቀራረቡ ሄዱ። ርጥቡ ጎማ እርስዋ ካሰበችው ይልቅ መሬቱን ይይዝ ኖሯል። በዓይኗ አይታ፣ በእጇም ዳስሳ አወቀችው፤ እኛ ብንነግራት ኖሮ አታምነንም ነበር።

ይህን ሲያስተምራት ፍጥነትን አስፈራራት። ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው መንገድ አራት እጥፍ ይሆናልና፤ ሁለቱ ጎማዎች መሬት የሚነኩበት ቦታም እያንዳንዱ ከአንድ መዳፍ አይበልጥም።

በዚያው ሰሞን በእንጅባራ አንድ የታወቁ ሽማግሌ ፈረሰኛ አግኝቼ ከፈረስ ስለ ወደቀ ሰው ጠየቅኋቸው። አባቶች የወደቀውን ወዲያው አስነሥተው እንዲጋልብ አያደርጉትም፤ አስቀድሞ ፈረሱን በልጓሙ ይዞ በእግሩ እንዲያዞረው፣ ከዚያም በሶምሶማ እንዲሄድ ያደርጉታል ብለው መለሱልኝ። ልጓሙን አጥብቆ የሚይዝ ሰው የፈረሱን አንገት ስለሚያስር ፈረሱ ይሰናከላል ሲሉም ጨመሩ። የሞተር ጠጋኙን ቃል በሌላ አፍ የሰማሁ መሰለኝ።

በነሐሴ መጀመሪያ አንድ ማለዳ ከዳንግላ ተነሣን። እርስዋ ከፊት፣ ጠጋኙ ከኋላ፣ እኔም በጠጋኙ ጀርባ ተፈናጥጬ፣ ዝናቡም ከላያችን። መናኸሪያውን ስናልፍ በውሃው ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ነገር ተንሳፍፎ አየን፤ የፈሰሰ ናፍጣ ነው፤ እርስዋም ከሩቅ አይታ ዳሩን ያዘች። ከከተማው ስንወጣ የከብት መንጋ ሲሻገር ቆመን ጠበቅን፤ ከብቱ ካለፈ በኋላ የሚቀረው እበት ከራሱ ከከብቱ ይልቅ ለሞተረኛ ክፉ ነው። በነጭ ቀለም የተሠመረውን የመንገድ መሥመርና በድልድይ ላይ ያለውን ብረት ቀጥ ብላ፣ ሳታዘምምና ፍሬን ሳትነካ አለፈችው። ቁልቁለት ሲሆን ማርሽ እየቀነሰች ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት አደረገች።

ወደ ፋግታ ለኮማ ስንገባ የዲከረንስ ዛፍ መንገዱን ከሁለት ወገን ከበበው። ይህ ዛፍ ለአካባቢው ገበሬ የከሰል ገንዘብ ያመጣለት ነበር፤ ለእኛ ግን ርጥብ ቅጠሉን አስፋልቱ ላይ አንጥፎልን ነበር። ከሰል የጫነ መኪና ሲያልፈን የረጨው ውሃ ሁላችንንም አሳወረን። ልጅቱ ነዳጁን በድንገት አልለቀቀችም፤ በዚያው አካሄድ ጥቂት ቀጥላ ዓይኗ ሲገለጥ ቀነሰች። የእኔ ልብ ግን ከጠጋኙ ወገብ ላይ ሊዘልል ደረሰ።

አዲስ ቅዳም አጠገብ የወደቀችበት ቦታ ሲደርስ ምን ታደርግ ይሆን ብዬ አንገቴን አሰገግሁ። ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ትከሻዋ ከፍ ብሎ ደረቀ፤ ከዚያም እንደ ተነፈሰች ሰው ወደ ታች ሲወርድ አየሁት። ቦታውን አለፈችው። ጠጋኙ ምንም አልተናገረም፤ ጥሩምባውን ብቻ አንድ ጊዜ ነፋ።

ከዚያ ወዲያ በአንድ የገጠር መንገድ ገብተን ጎርፍ የሞላበት ጅረት ተሻገርን። የኋላው ፍሬን በታምቡር የሚሠራ ነውና ውሃ ሲገባበት ይደክማል፤ ስለዚህ ከውሃው እንደ ወጣች እየነዳች ፍሬኑን ለዘብ አድርጋ እየያዘች አደረቀችው። በጭቃው ላይ ደግሞ በፊተኛው ፍሬን እንዳትታመን፣ ነዳጁን አሳንሳ ሳታቋርጥ እንድትሄድ ተነግሯት ነበር። ሁለት ጊዜ ጎማው ሸሸ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶ ቀና። በሦስተኛው በጣም በዝግታ ስትሄድ ሞተሩ በጎኑ ጋደም አለ፤ እርስዋም በእግሯ ቆማ፣ ከጉልበቷ በታች ጭቃ ሆና ሳቀች። ሦስታችንም ሆነን አነሣነው።

እንጅባራ ስንደርስ ጉሙ ከተማውን ሸፍኖት የጋሪ ፈረሶች ኮቴ ይሰማል እንጂ ፈረሶቹ አይታዩም ነበር። ሻይ ጠጣን። ልጅቱ ልብሷን ሳታደርቅ ሰንሰለቱን አጥባ ዘይት ቀባችው፤ በመመለሻውም እኔ ሚኒባስ ስይዝ እርስዋ በሞተሯ ተመለሰች።

እናቷ ዛሬም ሞተሩን አልወደደችውም። ነገር ግን ክርክሩን ትታ አንድ ነገር ብቻ አዘዘች፤ ከመውጣቷ በፊት ጎማውን አብረው እንዲያዩት፣ ዝናብ ቢይዛትም ከደረሰችበት ቀበሌ እንድትደውል። ጎማ ማየቱን ከልጇ ተምራ አሁን ከእርስዋ ይልቅ እናቲቱ ታጠብቃለች፤ አንድ ማለዳም «ይህ ላልቷል» ብላ አየር እስኪሞላ ድረስ ከበር አላስወጣቻትም።