ለአያቴ የሰቀልኋቸው ሁለት ስፒከሮች

ደብረ ብርሃን ብርዷ የታወቀ ስለ ሆነ አያቴ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ በሚመታው የግቢያችን ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። ዐይናቸው ከደከመ ወዲህ ማንበብ ስለ ተሳናቸው የቀን ጓደኛቸው ሬድዮ ብቻ ነው። ሬድዮው ግን ያለው ሳሎን ውስጥ ነው። እሳቸው ይሰሙት ዘንድ ድምፁ እስከ መጨረሻው ይከፈት ስለ ነበር እኔ የ12ኛ ክፍል ትምህርቴን ማጥናት አቃተኝ፤ ሌሊት በሆስፒታል ሠርተው ቀን የሚተኙት ጐረቤታችንም እንቅልፍ አጡ። አንድ ቀን ይህንኑ ለእናቴ በትሕትና ነገሯት። አያቴ በሰሙ ጊዜ «እንግዲያውስ ይዘጋ፤ ለእኔ ምን ቀረኝ» አሉ። ይህ ንግግራቸው ከጩኸቱ ይበልጥ አስጨነቀኝ።

ትንሽ የባትሪ ሬድዮ ለምን አልተገዛላቸውም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ተገዝቶላቸው ነበር፤ ነገር ግን የጣቢያ መፈለጊያው ለጣታቸው አልታዘዝ ስላላቸው ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት።

አጎቴ ጉዳዩን ሰምተው በሠርግ ቤት እንደምናየው ያለ ሞንታርቦ ከጣራው ጥግ እንስቀል አሉ። (ሞንታርቦ የአንድ ጣልያናዊ አምራች ስም ሲሆን በአገራችን የትልቅ ስፒከር ሁሉ መጠሪያ ሆኗል።) እኔ ግን በፊዚክስ የተማርነውን አስቤ ሜትር ይዤ ለካሁ። ከጣራው ጥግ እስከ አያቴ ወንበር 8 ሜትር ነው። ደጅ ላይ ድምፅን የሚመልስ ግድግዳና ኮርኒስ ስለሌለ፥ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቍጥር ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። እንግዲህ 2 ሜትር ላይ የሚበቃቸውን ድምፅ ከ8 ሜትር ለማድረስ 16 እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል፤ ትርፉንም የሚሰሙት ጐረቤታችን ናቸው። «ጋሼ፥ ጩኸቱን ከምንጨምር ስፒከሩን እናቅርብ» አልኋቸው። አጎቴ ሠርግ ቤት የሌለበት ነገር አይጥማቸውም፤ ቢሆንም መሰላሉን የያዙልኝ እሳቸው ናቸው።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ሥራውን ጀመርሁ። ከአምፕሊፋየሩ እስከ ግድግዳው 20 ሜትር ሽቦ ያስፈልጋል። ባለ ሱቁ «የሚያልፍበት ድምፅ እንጂ መብራት አይደል» ብሎ ባለ 0.5 ቀጭን ሽቦ ሊሰጠኝ ፈለገ። ነገር ግን ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ መንገዱ 40 ሜትር ነው። በዚህ ርዝመት ቀጭኑ ሽቦ 1.4 ኦም ያህል ተቃውሞ ሲኖረው ባለ 1.5ቱ ግማሽ ኦም አይሞላም። ስፒከሩ ባለ 8 ኦም ስለ ሆነ፥ በቀጭኑ ከሚላከው ኃይል ከ7 እጅ አንዱ ያህል ሽቦውን ሲያሞቅ ይቀራል። ወፍራሙን ገዛሁ።

ስፒከሮቹን ከአያቴ ግራና ቀኝ በጣራው ክፈፍ ሥር፥ ፊታቸውን ወደ ታች ዘንበል አድርጌ አሰርኋቸው። የክረምቱ እርጥበት ወረቀት ስለሚያበላሽ ሾጣጣ ልባሳቸው ከፕላስቲክ የተሠራውን መርጬ ነበር። ሽቦው ወደ ቤት ከሚገባበት ቀዳዳ በታች እንደ ሆድ እንዲንጠለጠል አደረግሁት፤ ዝናቡ በሽቦው ተከትሎ እንዳይገባ ከዚያ ይንጠባጠባል። ከ220 ቮልቱ መስመርም አራቅሁት። የሽቦውን ጫፎች ከማሰሬ በፊት የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ባስነካሁት ጊዜ ልባሱ ወደ ፊት ብቅ አለ፤ ያን ጊዜ ፖዘቲቩን ነክቶ የነበረውን ጫፍ በቀይ ናስትሮ ምልክት አደረግሁበት። አንዱ ስፒከር ተገላቢጦሽ ቢታሰር አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባልና ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል።

እናቴ ደግሞ ለወጥ ቤት ሦስተኛ ስፒከር ለመነችኝ። ሁለት ባለ 8 ኦም ጐን ለጐን ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ከአምፕሊፋየራችን ጀርባ ግን ከ6 በታች እንዳይሆን ተጽፏል። ስለዚህ የቀኙን ስፒከር ወደ ወጥ ቤቱ በር ትንሽ አዞርሁላት፤ በሩን ከፍታ ትሰማለች።

ሥራው ባለቀ ማግስት ጐረቤታችን ለቡና መጡና ገና ከበሩ ላይ «በእኔ ምክንያት ሬድዮውን ዘጋችሁት እንዴ?» ብለው በሐዘን ጠየቁ። አያቴም ከወንበራቸው ሳይነሡ «ዝም በይ ልጄ፥ ዜናው እንዳያመልጠኝ» አሏቸው።