በናጋድ ሙቀት ዓሣ ማርባት

ቤት ውስጥ ዓሣ ስለማርባት የሚጽፉ ሰዎች አብዛኞቹ ብርድ አገር የሚኖሩ ይመስሉናል። ለጀማሪ ከሚሰጡት ምክር አንደኛው «ማሞቂያ ግዙ» የሚል ነውና። እኛ ሦስት እህትማማቾች ግን የምንኖረው ናጋድ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ነው። እዚህ የጀማሪው ራስ ምታት ውኃውን ማቀዝቀዝ ነው። በአማርኛ «ክረምት» ሲባል ዝናብና ጋቢ ይታሰበናል። ጅቡቲ ላይ ግን ሰኔና ሐምሌ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ የሚነፍስበት፣ ሙቀቱም 40 ዲግሪን የሚያልፍበት ወቅት ነው።

ዓሣዎቹን የሰጡን ጋሼ የምንላቸው አንድ ጎረቤታችን ናቸው። ጠቅልለው ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ 60 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ፣ ጋፒ የሚባሉ 11 ትንንሽ ዓሣዎችና አንድ ማሞቂያ ትተውልን ሄዱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ እዚያ ማሞቂያ ያስፈልጋል። እኛ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ለጋፒ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ያለ ውኃ ይስማማዋል፤ 30ንም ይችላል። ከዚያ ሲያልፍ የሚጎዳው ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ 7.5 ገደማ ብቻ። ዓሣው ደግሞ ውኃው በሞቀ ቁጥር የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። ወደ ላይ ወጥቶ አፉን የሚከፍት የሚዘጋው ለዚህ ነው። ብዙ ልጆች ጎልድፊሽ ይወዳሉ፤ እሱ ግን ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ስለሚፈልግ ለናጋድ ጀማሪ አንመክረውም።

ሰው ሁሉ የሚመክረው በረዶ ነው። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሞልቶ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያ እንደታሸገ ገንዳው ላይ ማንሳፈፍ። ይሠራል፤ ግን ጥቂት ነው። በክፍል በተማርነው ስናሰላው ግማሽ ሊትር በረዶ 60 ሊትር ውኃን የሚያቀዘቅዘው በአንድ ዲግሪ ገደማ ነው። ያው ግማሽ ሊትር ከገንዳው ላይ ቢተን ግን ወደ 5 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ለእማዬ ስንነግራት ምንም አልገረማት። «እንስራ ውኃ የሚያቀዘቅዘው ለምን መሰላችሁ?» አለችን። እንስራው ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። መስታወት ስለማያልበው እኛ ክዳኑን አንስተን ዓሣዎቹ እንዳይዘሉ መረብ ዘረጋንበት፤ ትንሽ ቬንትሌተርም በውኃው ፊት ላይ እንዲነፍስ አደረግን። ውኃው ከክፍሉ አየር 3 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ይውላል።

ደስ የሚለው ቬንትሌተሩ ይበልጥ የሚሠራው በዚያ በክፉው ካምሲን ጊዜ መሆኑ ነው፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውኃው ቶሎ ይተናል። መስከረም ላይ አየሩ የባሕር እርጥበት ሲይዝ ይደክማል፤ ያኔ ወደ ሃይላንዱ እንመለሳለን።

የተነነው ውኃ በየቀኑ መተካት አለበት። ቀትር ላይ ከጣሪያው ሮቶ የሚወርደው ሻይ ለማፍላት ጥቂት የቀረው ስለሆነ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ቀድተን በባልዲ ቤት ውስጥ እናሳድረዋለን። ክሎሪኑም በዚያው ይወጣለታል። የገንዳው ሙቀት በአንድ ጊዜ እንዳይለዋወጥ ቴርሞሜትሩን እያየን ቀስ ብለን እንጨምራለን። ከፊሉ መብራት ከ2011፣ ከፊሉ ውኃ ደግሞ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ጅቡቲ የሚመጣው ከኢትዮጵያ ስለሆነ፣ አባባ «እነዚህ ዓሣዎች የሚኖሩት አገር ቤት ነው» እያለ ይቀልዳል።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሩም፣ የአየር ፓምፑም፣ ኤሲውም ቆሙ። ቴርሞሜትሩ 30.5 ላይ ነበር፤ 8 ሰዓት ላይ 32 ገባ። እማዬ የቡናውን ማርገብገቢያ አመጣች። አንዳችን ስናራግብ፣ ሌላችን ውኃውን በኩባያ እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን እናፈሳለን፣ ሦስተኛዋ ቁጥሩን ትመዘግባለች፤ በየሩብ ሰዓቱ እንቀያየራለን። ፍሪዘር ውስጥ የነበሩትን አራት ሃይላንዶች አንድ በአንድ አወጣን። ምግብ አልሰጠናቸውም፤ የበላ ዓሣ ኦክስጅን ይበልጥ ይፈልጋል። 10 ሰዓት ላይ 33 ሆነ፤ ሁሉም ውኃው ፊት ላይ ተደርድረው ይተነፍሱ ነበር። ትንሿ እህታችን እርጉዟን «በርቺ፣ አንቺ» እያለች ክንዷ እስኪዝል አራገበች።

መብራት የመጣው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ቆጠርናቸው፤ 9 ነበሩ። ሁለቱን ግቢ ውስጥ ቀበርናቸው። እርጉዟ በአምስተኛው ቀን ወለደች። ጋፒ እንቁላል ሳይሆን ልጅ ነው የሚወልደው፤ ልጆቹ ከሩዝ ፍሬ ያንሳሉ፤ ስንት እንደሆኑ ግን እስካሁን አልተስማማንም።

ዘንድሮ በዕረፍቱ ደሴ አያታችን ዘንድ እንሄዳለን። ገንዳውን የሚጠብቅልን አንድ የ6ኛ ክፍል ጎረቤታችን ነው። የሙቀት መመዝገቢያ ደብተሩን፣ ቬንትሌተሩንና ስድስት ሃይላንድ አስረክበነዋል። ማርገብገቢያውን ግን እማዬ አላበድርም ስላለች ሌላ ገዛንለት።