ከሆራ እስከ አብያታ

የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ጨርሶ ያላየ አንባቢ ጥቂት ነው። ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ሐዋሳም ሆነ ወደ ዲላ የተጓዘ ሁሉ በአውቶቡስ መስኮት ውኃው ሲያብለጨልጭ ተመልክቷል፤ ዝዋይ ላይ ወርዶ ዓሣ ጥብስ የበላም ብዙ ነው። ከውኃው በላይና ከውኃው ሥር የሚኖረውን ፍጥረት ግን ቆም ብሎ ያስተዋለው ምን ያህል ይሆን? በዚህ ጽሑፍ ባለፈው ጥር ወር ከአንድ የሥነ ሕይወት መምህር ባልደረባችንና ከትምህርት ቤታችን የተፈጥሮ ክበብ ተማሪዎች ጋር ከቢሾፍቱ እስከ አብያታ ያደረግነውን የሦስት ቀን ጉዞ ለውድ አንባቢያን እናካፍላለን።

የሄድንበት ጉዳይ አንድ ነው። ጠልቀው የሚመገቡትን ዳክዬዎችና ከባሕር ርቀው ወደ ሐይቆቻችን የሚመጡትን የባሕር ወፎች ለማየትና ለመቁጠር ነው። ወሩም በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። በየዓመቱ በጥር አጋማሽ ገደማ በብዙ አገሮች የውኃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል። ዓለም አቀፉ ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1967 ተጀመረ፤ የአፍሪካው ደግሞ በ1991 ተከተለው። አውሮፓና እስያ በበረዶ በሚሸፈኑበት በዚህ ወቅት ስደተኞቹ ወፎች በክረምት ማሳለፊያቸው ረግተው ስለሚቆዩ አንዱን ወፍ ሁለት ቦታ የመቁጠር ስጋት ይቀንሳል። በአገራችን በዚህ ሥራ ስሙ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው።

ሆራ ላይ

ከአዲስ አበባ ተነሥተን 47 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ቢሾፍቱ ደረስን። ከተማዋ በሐይቆች የተከበበች ናት። ሐይቆቹ ከጥንት በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተቦረቦሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ በመሆናቸው ዳርቻቸው እንደ ድስት አፍ ክብና ገደላማ ነው። ሱብሒን ሰግደን ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ሆራ ሐይቅ ወረድን። ነፋስ ከተነሣ በኋላ ማዕበሉ ወፉን ስለሚሸሽግ ቆጣሪ ሰው ማልዶ መነሣት አለበት።

ባልደረባችን ተማሪዎቹን በዳርቻው ላይ አስቀምጦ ትምህርቱን ከዚያው ጀመረ። ዳክዬ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ጭንቅላቱን ብቻ ነክሮ ጭራውን ወደ ሰማይ እያሳየ በጥልቀት የለሹ ዳርቻ ይመገባል። ጠላቂው ዳክዬ ግን ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ይሰወርና ከቆይታ በኋላ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። እግሮቹ ወደ ኋላ የተገፉ ናቸው፤ ይህም ውኃ ውስጥ እንደ ሞተር ሲያገለግለው በየብስ ላይ ግን አረማመዱን ከባድና የተንገዳገደ ያደርግበታል። ለመብረርም በውኃው ላይ እየሮጠ መንደርደር ይኖርበታል። በጡንቻው ውስጥ ኦክስጅን የሚያከማች ንጥረ ነገር በብዛት ስላለው ትንፋሹን ይዞ መቆየት ይችላል። ላባው ደግሞ ከጭራው ሥር ከሚገኝ ዕጢ በሚወጣ ቅባት ስለሚታሽ ውኃ አያስገባም።

በሆራ የፈለግነው በተለይ ማኮዋ የሚባለውን ዳክዬ ነበር። ይህ ወፍ ትንሽና ደንዳና ሲሆን ጭራው ድርቅ ያለ ነው፤ ወንዱ በመራቢያው ወቅት ሰውነቱ እንደ ሸክላ ይቀላል፣ ራሱ ይጠቁራል፣ መንቆሩም ሰማያዊ ይሆናል። የሚኖረው በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ብቻ ነው። በሐይቁ ወለል ጭቃ ውስጥ የሚገኙትን የትንኝ መሰል ነፍሳት እጮች እያጣራ ይመገባል። እንቁላሉን የምትታቀፈውም ጫጩቶቹን የምታሳድገውም እናቲቱ ብቻዋን ናት። ዛሬ ማኮዋ በዓለም አቀፉ መዝገብ የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው ወፎች መካከል ሰፍሯል። በዚያ ጠዋት በጣት የሚቆጠሩ ማኮዋዎችን ከማዶው ጥላ ሥር አገኘን። ተማሪዎቹ በደስታ ሊጮኹ ሲሉ ባልደረባችን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኛቸው።

የአቆጣጠሩ ዘዴ ቀላል ይመስላል እንጂ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጠላቂ ወፍ አሁን ታየ ሲባል ይሰወራል፤ ስለዚህ አንዱ ቡድን ከአንድ ጊዜ በላይ መቆጠር አለበት። ሁለት ተማሪዎች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይቆጥራሉ፣ ሦስተኛው ይመዘግባል፣ ከዚያ ቁጥሮቹ ይነጻጸራሉ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ እንደገና ይጀመራል። ብዛት ያለው መንጋ ሲሆን አሥር ወፍ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ በዓይን ይለካና በአሥር በአሥር ይታሰባል። አንዲት ተማሪ፣ «ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይህ ይከብዳል፤ ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል» ስትል ሁላችንንም አሳቀችን።

ቀለበቱና መምህሩ

ቁርስ ስንበላ ተማሪዎቹ፣ «እነዚህ ወፎች ከየት እንደመጡ በምን ይታወቃል?» ብለው ጠየቁ። መልሱ ለእኛ ለመምህራን የሚያኮራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 በዴንማርክ ቪቦርግ ከተማ ይኖር የነበረ ሞርተንሰን የተባለ መምህር በወፎች እግር ላይ ቁጥርና አድራሻ የተጻፈባቸው ቀላል የአሉሚኒየም ቀለበቶችን ማሰር ጀመረ። ወፉ በሌላ አገር ሲያዝ ወይም ሞቶ ሲገኝ ቀለበቱን ያነበበ ሰው ደብዳቤ ይጽፋል፤ የጉዞውም መስመር ይገለጣል። ዛሬ ሳተላይት የሚከታተለው አነስተኛ መሣሪያ ቢጨመርም የመምህሩ ቀለበት አሁንም በሥራ ላይ ነው።

በቆጠራና በቀለበት ከተገኘው እውቀት አንዱ ራሰ ቀዩ ፖቻርድ የተባለውን ጠላቂ ዳክዬ ይመለከታል። ይህ ዳክዬ በአውሮፓና በእስያ ይራባል፤ ጥቂቱም እስከ አገራችን ሐይቆች ይወርዳል። ወንዶቹ ወደ ሰሜን ቀረብ ብለው ሲከርሙ ሴቶቹ ወደ ደቡብ ርቀው ይሄዳሉ። በመሆኑም በደቡብ ያለ አንድ ሐይቅ ሲደርቅ ጉዳቱ ይበልጥ በእናቶቹ ላይ ይወድቃል፤ ይህ ደግሞ ለዘሩ ከባድ ነው። ይህ ወፍ እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጥፋት ተጋላጭ ተብሎ ተመዝግቧል።

ዝዋይ፦ የመረቡ ነገር

በማግሥቱ ዝዋይ ደረስን፤ ከተማዋ ዛሬ ባቱ ትባላለች። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጥልቀቱ ግን አነስተኛ በመሆኑ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። በዓሣ ማራገፊያው ዳርቻ አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው የዓሣ ትራፊ ይጠብቃሉ፣ ፔሊካኖች በሰው መካከል ያለ ፍርሃት ይንሳፈፋሉ፣ ነጭና ግራጫ ላባ ያላቸው የባሕር ወፎችም በላያችን እየጮኹ ይዞራሉ። ከእነዚህ የባሕር ወፎች ብዙዎቹ ከሰሜን ተሰደው የመጡ ናቸው። በዓይናቸው አካባቢ ትርፍ ጨውን ከደማቸው አጣርቶ በአፍንጫቸው የሚያስወጣ ዕጢ ስላላቸው በባሕርም በጣፋጭ ውኃም መኖር ይችላሉ። የረዛቂውን ጥበብ ለሚያስተነትን ሰው ይህ አንዱ ምልክት ነው።

እዚያ መረባቸውን እየጠገኑ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ሰላምታ ተለዋወጡንና፣ «ኡስታዝ፣ የምትቆጥሩት የእኛን ዓሣ የሚበላውን ወፍ ነው?» አሉን።

«አባባ፣ ዓሣ የሚበላም አለ። ጠላቂዎቹ ዳክዬዎች ግን በብዛት የሚበሉት ትል፣ ቀንድ አውጣና የሣር ዘር ነው» አልናቸው።

አዛውንቱ ጥቂት አሰቡና፣ «እነሱንስ አውቃቸዋለሁ» አሉ። «ማታ መረብ ጥለን ጎህ ሲቀድ ስናወጣው ታንቃ የሞተች ወፍ እናገኛለን። ሳትታረድ ስለሞተች አትበላ፣ አትሸጥ። መረቡንም ትበጥሰዋለች። ለእሷም ለእኛም ጥፋት ነው።»

ከተማሪዎቻችን አንዱ መረቡን ሌላ ቦታ ቢጥሉትስ ብሎ ጠየቀ። «ልጄ፣ በቀን ብንጥለው ዓሣው ያየዋል። መሐል ብንወስደው ቆሮሶው ያለው ዳር ነው። የፕላስቲኩን መረብ ትተን በድሮው እንሥራ ብንል ደግሞ ከጎረቤት እኩል አናገኝም። እኔ ስድስት ነፍስ አስተዳድራለሁ» አሉት። ልጁ ዝም አለ፤ እኛም ወዲያው የምንመልሰው አልነበረንም።

ነገሩ የዝዋይ ብቻ አይደለም። ውኃ ውስጥ የማይታየው ቀጭን መረብ ዓሣን ከወፍ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በዓለም ላይ በየዓመቱ ቢያንስ 400,000 ወፎች በእንዲህ ዓይነት መረቦች ታንቀው እንደሚሞቱ ገምቷል። አብዛኞቹ ጠላቂ የባሕር ወፎችና ጠላቂ ዳክዬዎች ናቸው። በሰሜን አውሮፓ በባልቲክ ባሕር የሚከርመው ጭራ ረጅሙ ጠላቂ ዳክዬ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ4 ሚሊዮን በላይ ይገመት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2009 በተደረገው ቆጠራ ግን ወደ 1 ሚሊዮን ተኩል ወርዶ ተገኘ። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም መረብ አንዱ ነው። ተመራማሪዎች ወፎቹ መረቡን እንዲያዩት ጥቁርና ነጭ ጨርቅ ሰቅለውበት፣ መብራትም አስረውበት ሞከሩ፤ የተመኙትን ውጤት ግን አላገኙም። ስለዚህ ገንዘብና ላቦራቶሪ ያላቸው ያልፈቱትን ችግር በአንድ ዝዋይ አጥማጅ ትከሻ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም።

ቢሆንም ሊደረግ የሚችል አለ። ዳክዬዎቹ በጥቂት የሐይቁ ክፍሎች ተሰብስበው የሚከርሙ ከሆነ ቦታቸው በቆጠራ ይታወቃል። የታወቀውን ቦታ ደግሞ አጥማጆች ራሳቸው ተመካክረው ለተወሰኑ ወራት መረብ ላይጥሉበት ይችላሉ። ይህን ለአዛውንቱ ስንነግራቸው፣ «ሁሉም ከተስማማ እኔ አልጠላም። አንዱ ትቶት ሌላው የሚጥልበት ከሆነ ግን ዋጋ የለውም» አሉ። ከሦስት ቀኑ ጉዞ እንደዚህ ያለ አጭርና ሙሉ ንግግር አልሰማንም።

አብያታ

ከዝዋይ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ወደ ደቡብ ፈስሶ አብያታ ሐይቅ ይገባል። ከአብያታ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ውኃው የሚቀንሰው በፀሐይ ትነት ነው። ገቢው ሲያንስ ሐይቁ ይሸሻል፣ በውስጡ ያለው ጨውና ሶዳም እየከረረ ይሄዳል። በመንገድ ዳር ከቆመው ግራር እስከ ውኃው ድረስ በነጭ ደረቅ መሬት ላይ ረጅም መንገድ በእግራችን ሄድን። ያ የረገጥነው መሬት ቀድሞ የሐይቁ ወለል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጋር ሲነጻጸር የአብያታ ስፋት ከግማሽ በታች ወርዷል።

ምክንያቱን ለመናገር አንድ ጥፋተኛ መፈለግ አያስፈልግም። ከዝዋይና ወደ እርሱ ከሚገቡት ከመቂና ከካታር ወንዞች ለሽንኩርት፣ ለቲማቲምና ለአበባ እርሻ ውኃ ይቀዳል። የቡልቡላም ውኃ በመንገዱ ለመስኖ ይጠለፋል። ከ1980ዎቹ ጀምሮም ከአብያታ ውኃ ሶዳ አሽ ሲመረት ቆይቷል፤ ይህ ለጠርሙስና ለልብስ ሳሙና ሥራ የሚውል ነው። ሽንኩርቱን የምንበላው፣ በሳሙናውም የምናጥበው እኛው ነን።

የሆነውን ነገር ወፎቹ በግልጽ ያሳያሉ። ከአብያታ አጠገብ ያለው የሻላ ሐይቅ 266 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው፤ ስሙም በኦሮምኛ ፔሊካን ማለት ነው። በሻላ ደሴት ላይ ነጫጭ ፔሊካኖች በብዛት ጎጆ ይሠሩ ነበር። ሻላ ራሱ ዓሣው ጥቂት ስለሆነ ወላጆቹ በሞቃት አየር እየተንሳፈፉ ኮረብታውን ተሻግረው ከአብያታ ዓሣ ያመጡ ነበር። የአብያታ ውኃ ከርሮ ዓሣው ሲያልቅ ግን ፔሊካኑ ቀለቡን ለመፈለግ እስከ ዝዋይና ከዚያም ወዲያ መብረር ግድ ሆነበት። ሩቅ ገበያ የሚሄድ ወላጅ ልጁን አዘውትሮ መመገብ እንደማይችል ማንም ቤተሰብ ያለው ሰው ያውቃል። በአብያታ ዛሬ የሚበዙት ዓሣ የማይፈልጉት፣ ከከረረው ውኃ ደቃቅ ዋቅላሚ አጣርተው የሚበሉት ፍላሚንጎዎች ናቸው። ለጎብኚ ዓይን ሐይቁ ሮዝ ቀለም ለብሶ ያምራል። የቀድሞውን ለሚያውቅ ግን ውበቱ ብቻውን ጤንነትን አያሳይም።

ጠላቂ ዳክዬዎችን ፈለግን። ተማሪዎቹ ከሁለት ቦታ፣ ሁለት ጊዜ ውኃውን በሩቅ መነጽር አሰሱ፤ አንድም አላገኙም። መዝጋቢው ልጅ እስክሪብቶውን አንሥቶ፣ «ያላየነውን ስም ልሰርዘው?» ሲል ባልደረባችን፣ «አትሰርዝ፤ ዜሮ ብለህ ጻፍ። ፈልገን ማጣታችንና ጭራሽ አለመፈለጋችን አንድ አይደለም። የዛሬ አሥር ዓመት አንድ ሰው ይህን ወረቀት ሲያነብ ዜሮውን ይፈልገዋል» አለው። ልጁም ከማኮዋ ስም ፊት ለፊት ጥርት አድርጎ ዜሮ ጻፈ።

ለወላጆች የምንለው

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሥራ ለመሥራት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሐይቅ ስትሄዱ ድንጋይ ከማስወርወር ይልቅ ጠልቃ የገባችው ወፍ በየት በኩል እንደምትወጣ አስገምቷቸው። ደብተር ይያዙ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የወፉን መልክና ብዛት ይጻፉ። በእግሩ ቀለበት ያለው የሞተ ወፍ ካገኛችሁ ቁጥሩን ሳትጥሉ ለተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩ ወይም በአቅራቢያችሁ ላለ ዩኒቨርሲቲ አሳውቁ። የተበጠሰ የፕላስቲክ መረብ ዳር ላይ ብታዩ ሰብስባችሁ ከውኃው አርቁት፤ ባለቤቱ የተወው መረብ መግደሉን አይተውም።

እኛም የሞላነውን ቅጽ ለሚመለከተው ክፍል አስረክበን፣ አንዱን ቅጂ በትምህርት ቤታችን መጻሕፍት ቤት አስቀምጠናል። በመጪው ጥር በአላህ ፈቃድ ወደዚያው እንመለሳለን። የዝዋዩ አዛውንትም ዳክዬዎቹ የሚከማቹበትን ቦታ ከጀልባቸው ላይ ሆነው ሊያሳዩን ቃል ገብተውልናል።